ስለ ውሻና ድመት የምናምናቸው የተሳሳቱ ነገሮች እና እውነታው

በአገራችን ውሻና ድመት የሌለበት መንደር የለም። ውሻው ከበር፣ ድመቷ ከጓዳ ስለማይጠፉ ጠባያቸውንም፣ በሽታቸውንም፣ የሚበጃቸውንም ጠንቅቀን የምናውቅ ይመስለናል። ነገር ግን ስለነዚህ እንስሳት ከምንነጋገረው ውስጥ ብዙው ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ፣ ማንም ቆም ብሎ ያልመረመረው ግምት ነው። ከግምቶቹ አንዳንዶቹ ጉዳት የላቸውም፤ አንዳንዶቹ እንስሳቱን ያሠቃያሉ፤ ጥቂቶቹ ግን በየዓመቱ ሰው ይገድላሉ። ከሚገድሉት እጀምራለሁ፤ በእነሱም ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

«ያበደ ውሻ ከሩቅ ይታወቃል»

ያበደ ውሻ ሲባል አብዛኛው ሰው በዓይነ ሕሊናው የሚያየው አፉ አረፋ የደፈቀ፣ ጅራቱን በእግሮቹ መካከል ቀብሮ ያገኘውን ሁሉ እየነከሰ የሚሮጥ ውሻ ነው። እንዲህ ያለው በእርግጥ አለ። ይሁን እንጂ የእብድ ውሻ በሽታ ሌላ፣ ጸጥ ያለ መልክም አለው፤ አደገኛነቱም ከመጀመሪያው አያንስም። በዚህኛው ውሻው ጭምት ይሆናል፣ ጨለማ ጥግ ይፈልጋል፣ የታችኛው መንጋጋው ይንጠለጠላል፣ ምራቁ ይዝረበረባል፣ መዋጥ ያቅተዋል። ባለቤቱ ይህን ሲያይ «አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮበታል» ብሎ ያዝንለትና አፉን ፈልቅቆ፣ እጁን እስከ አንጓው አስገብቶ የሌለውን አጥንት ይፈልጋል። ጣቱ ላይ ሽንኩርት ሲከትፍ ያገኘችው ትንሽ ቁስል ካለች በሽታው የሚገባበት በር ተከፈተለት ማለት ነው፤ ውሻው ሳይነክሰው ሰውየው ተጋልጧል። መንጋጋው የወደቀና ምራቁን መዋጥ ያቃተው ውሻ ሲገኝ እጅን ሰብስቦ የእንስሳት ሐኪም መጥራት እንጂ አፉን መፈተሽ አይገባም።

ከዚህም በላይ ቫይረሱ ምልክቱ ከመታየቱ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ በውሻው ምራቅ ውስጥ ይገኛል። ትናንት ጅራቱን እየቆላ የተቀበለን ውሻ ዛሬ በጨዋታ መካከል ቢቧጭረን «ጤነኛ ነው፣ አውቀዋለሁ» ማለት ማስረጃ አይሆንም። የነከሰ ውሻ 10 ቀን ታስሮ እንዲጠበቅ የሚታዘዘው በዚሁ ምክንያት ነው፦ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ካልታመመና ካልሞተ፣ በነከሰ ጊዜ ምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው። ስለዚህ ውሻውን በሰላም ማሰር ከተቻለ በንዴት ወዲያው መግደል ትልቅ ስሕተት ነው፤ ሐኪሙ የሚመራበትን ዋነኛ ምስክር ያጠፋልና። ይህ ሲባል ግን የተነከሰው ሰው ክትባቱን 10 ቀን እስኪሞላ ይጠብቅ ማለት አይደለም። ክትባቱ ይጀመራል፤ ውሻው ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ በሐኪም ትእዛዝ ይቋረጣል።

«ውሃ ከጠጣ አላበደም»

ይህ እምነት የመጣው ከሰው በሽታ ነው። በሽታው የጸናበት ሰው ውሃ ሊጠጣ ሲል፣ አንዳንዴም ውሃ ሲያይ ብቻ፣ የጉሮሮው ጡንቻዎች በኃይል ስለሚኮማተሩበት ውሃን ይፈራል። ውሻ ግን እንዲህ ያለ የውሃ ፍርሃት አይታይበትም፤ ያበደ ውሻ ሊጠጣ ይሞክራል፣ ወንዝም ይሻገራል። የውሃ ጣሳ ከፊቱ በማስቀመጥ የሚደረግ ምርመራ ምንም አይነግረንም።

«ውሻ የሚያብደው በረኃብ፣ በጥምና በፀሐይ ነው»

ረኃብ ውሻን ያከሳል፣ ጥም ይጥለዋል፣ ፀሐይ ያዝለፈልፈዋል፤ አንዳቸውም ግን የእብድ ውሻን በሽታ አያመጡም። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ ቫይረሱም ከታመመ እንስሳ ምራቅ በንክሻ፣ በጭረት ወይም በቁስል በኩል ገብቶ በነርቭ መስመር ወደ አንጎል ይጓዛል። ስለዚህ በደንብ የሚበላና ጥላ ሥር የሚውል ውሻ ካልተከተበ ከበሽታው አያመልጥም። ድመት፣ አህያ፣ ላምና ፈረስም ይታመማሉ፤ ያስተላልፋሉም። «ድመት ነው የቧጨረችኝ» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

«የሀገር መድኃኒት የእብድ ውሻን በሽታ ያድናል»

በዚህ ነጥብ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም እምነቱ ከየትም የመጣ ሳይሆን ሰዎች በዓይናቸው ካዩት ነገር የተነሣ ነው። «እገሌ ተነክሶ፣ ቅጠል ጠጥቶ ዳነ» የሚል ምስክርነት በየሰፈሩ ይገኛል፤ መስካሪዎቹም ሐሰተኞች አይደሉም። ስሕተቱ ያለው ከምክንያቱ ላይ ነው። መጀመሪያ ነገር፣ ሰው የሚነክስ ውሻ ሁሉ ያበደ አይደለም፤ አብዛኛው የሚነክሰው ፈርቶ፣ ተቆጥቶ ወይም ግልገሎቹን ሲጠብቅ ነው። ሁለተኛ፣ በእርግጥ ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው ሁሉ በበሽታው አይያዝም፤ የንክሻው ቦታ፣ ጥልቀቱ፣ በመሐል ልብስ መኖሩ፣ የገባው የምራቅ መጠን ልዩነት ያመጣል። ስለዚህ ቅጠሉን ጠጥተው ከዳኑት መካከል ብዙዎቹ ባይጠጡትም የማይታመሙ ነበሩ። ሦስተኛውና የከፋው ጊዜው ነው። በሽታው ከተጋለጡ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር፣ አንዳንዴ ከሳምንት ባነሰ፣ አንዳንዴም እስከ ዓመት ድረስ ሳይታይ ይቆያል። ቁስሉ ደርቆ፣ ሰውየው ወደ ሥራው ተመልሶ፣ መድኃኒት ሰጪው ተመስግኖ፣ ከሁለት ወር በኋላ ንክሻው የነበረበት ቦታ መለብለብና መብላት ሲጀምር ነገሩ ሁሉ ተረስቷል፤ ሞቱም ከሌላ ምክንያት ጋር ይያያዛል። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ በዓለም ላይ አስተማማኝ መድኃኒት የለም፤ ታማሚው ይሞታል ማለት ይቻላል።

ጸበል የሚጠመቅ ሰው ክትባቱን ቢወስድ ከእምነቱ የሚጎድልበት ነገር የለም። ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ ማስገደድ አያስፈልግም፤ ቀን እንዳያልፍበት መርዳት ግን ያስፈልጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ በሽታ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚሞት ይገምታል፤ ከሰው ሞት 99 በመቶ የሚሆነው በውሻ በኩል የመጣ ነው፤ በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ውስጥም 40 በመቶ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ልጆች ብዙ ጊዜ የሚነከሱት ቁመታቸው አጭር ስለሆነ ፊትና አንገታቸው ላይ ሲሆን፣ ይህ ደግሞ ለአንጎል የቀረበ ቦታ ነው። ብዙ ልጆች ደግሞ ቁጣ ፈርተው መነከሳቸውን ይደብቃሉ። ልጅን ውሻ ሲነክሰው መጀመሪያ የሚደርስበት ግልምጫ ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ አይናገርም።

«ቁስሉ ላይ ቡና መነስነስ ይበቃል»

ቡና፣ ሎሚ፣ ጨው ወይም ሌላ ነገር ቁስል ላይ ማድረግ ቫይረሱን አያጠፋም፤ እንዲያውም ቁስሉን ያቆጣዋል። ሕይወት የሚያድነው የመጀመሪያ እርዳታ ከዚህ ሁሉ ይልቅ ቀላል ነው፦ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያለማቋረጥ ማጠብ። 15 ደቂቃ ረጅም ጊዜ ነው፤ ሰው አንድ ሁለቴ አለቅልቆ የታጠበ ይመስለዋል። ቧንቧ ከሌለ በጆግ እያፈሰሱ፣ ደጋግሞ ሳሙና እየመቱ ማጠብ ይቻላል። የቫይረሱ ሽፋን ስብ ስላለበት ሳሙና ያፈርሰዋል። ከዚያም በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው።

ብዙ ሰው ወደዚያ የማይሄደው «በሆድ ላይ የሚወጋው መርፌ» ስለሚያስፈራው ነው። ፍርሃቱ መሠረት ነበረው። ከእንስሳት የአንጎል ሕብረ ሕዋስ የሚሠራው አሮጌው ክትባት በአገራችን ለብዙ ዓመታት አገልግሏል፤ የሚሰጠውም በሆድ ቆዳ ሥር ለተከታታይ ቀናት ነበር። አዲሱ ዓይነት ክትባት ግን እንደ ማንኛውም ክትባት ክንድ ላይ የሚወጋ ሲሆን፣ በተለመደው አሰጣጥ ከ4 እስከ 5 መርፌ ይበቃል። ንክሻው ከባድ ከሆነ በቁስሉ ዙሪያ የሚሰጥ ተጨማሪ የፀረ እንግዳ አካል መርፌ አለ፤ እሱንም መጠየቅ ያስፈልጋል።

«የጎዳና ውሾችን ማጥፋት በሽታውን ያጠፋል»

የእብድ ውሻ በሽታ ወረርሽኝ በአዲስ አበባ የተመዘገበው ከተማዋ ገና ወጣት ሳለች፣ እ.ኤ.አ. በ1903 ነው። ከዚያ ወዲህ ከተሞቻችን በተለያየ ጊዜ ውሾችን በመርዝ መግደልን እንደ መፍትሔ ወስደዋል። ሐሳቡ ሲታይ ትክክል ይመስላል፤ ውሻ ከሌለ በሽታም የለም። በተግባር ግን የተገደሉት ውሾች ስፍራ ባዶ ሆኖ አይቀርም። የምግብ ትርፍራፊው፣ የቄራው ተረፈ ምርትና የቆሻሻ ገንዳው እስካለ ድረስ ከሌላ ሰፈር አዳዲስ ውሾች ይገባሉ፤ የቀሩትም ቶሎ ይራባሉ። የሚመጡት ክትባት የማያውቁ ወጣት ውሾች ናቸው። አንዳንድ ጊዜም መርዙ የሚያገኘው ባለቤቱ አስከትቦ በጠዋት የለቀቀውን ውሻ ስለሆነ፣ መከላከያ የነበራቸው ውሾች ቁጥር ይቀንሳል።

በሌሎች አገሮች በሽታውን ያስቆመው ክትባት ነው። በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶ የሚሆኑት ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል፤ ሁሉንም ማዳረስ እንኳ አያስፈልግም። አንድን ውሻ ማስከተብ ከተነከሰ ሰው ሕክምና ጋር ሲነጻጸር ወጪው እጅግ ትንሽ ነው። ቡችላ በ3 ወሩ ይከተባል፤ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል።

የዚህ ነገር ዕዳ ከከተማም አልፏል። በባሌ ተራሮች፣ በሳነቲ አምባና በወብ ሸለቆ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋማ ስፍራዎች በቀር የትም የማይገኝ ሲሆን፣ ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 አይበልጡም። የእረኞች ውሾች ይዘውት የሚመጡት የእብድ ውሻ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992 ብዙዎቹን ጨረሰ፤ በ2003 እንደገና ሲገባ በወብ ሸለቆ ከነበሩት ሦስት አራተኛ ያህሉ ሞቱ። አሁን በዙሪያው ባሉ መንደሮች ውሾች የሚከተቡት፣ ለቀበሮዎቹም በሥጋ ውስጥ የሚደረግ የሚበላ ክትባት መሰጠት የጀመረው ለዚህ ነው። በአንድ መንደር የሚኖር ያልተከተበ ውሻ የአንድን ብርቅዬ እንስሳ ዘር ሊያጠፋ ይችላል።

«ውሻ የሚጠብቀው ቀን ታስሮ፣ ማታ ሲፈታ ነው»

በከተሞቻችን ከሁሉ ይበልጥ የተለመደው አያያዝ ይህ ነው። ውሻው ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ወይም ብርሃን በማይገባበት የቆርቆሮ ቤት ይውላል፤ ማታ ይፈታል። ሰው ባላየ ቁጥር ኃይለኛ ይሆናል ተብሎ ይታሰባል። አንድ ግቢ ውስጥ እንዲህ ያለውን ውሻ በቅርብ አይቻለሁ፦ ሰንሰለቱ የሚደርስበት ድረስ መሬቱ በክብ ተፍቆ ሣር አይበቅልበትም፤ የአንገቱ ፀጉር አልቆ ቆዳው ጠንክሯል፤ የውሃ ጣሳው በሰንሰለቱ ስለተገለበጠ ባዶ ነው። ያ ውሻ ሌሊቱን ሁሉ ይጮኻል፤ ለነፋስ፣ ለድመት፣ ለመኪና፣ ለራሱ ባለቤትም ይጮኻል። ለሁሉም የሚጮኽ ውሻ ደግሞ ማንንም አያስጠነቅቅም፤ ጎረቤትም ባለቤትም ጩኸቱን መስማት ያቆማሉ።

ውሻ የሚጠብቀው ግቢውን የራሱ፣ ቤተሰቡንም የራሱ አድርጎ ሲቆጥር ነው። ማን የቤት ሰው፣ ማን እንግዳ፣ ምን የተለመደ፣ ምን ያልተለመደ እንደሆነ የሚለየው ከሰው ጋር በመዋል ነው። ቡችላ ይህን በዋነኛነት የሚማረው ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ዕድሜው ሲሆን፣ በእነዚያ ሳምንታት ጨለማ ቤት የተዘጋበት ቡችላ ጀግና ሳይሆን ፈሪ ሆኖ ያድጋል። ፈሪ ውሻ ይነክሳል፤ የሚነክሰው ግን ሌባውን ሳይሆን ኳስ ለማንሳት የገባውን የጎረቤት ልጅ ነው። በሰንሰለት የሚኖሩ ውሾች ልጆችን ክፉኛ የሚጎዱት መሸሽ ስለማይችሉ ነው፤ የፈራ እንስሳ መሸሽ ካልቻለ የሚቀረው መንከስ ነው።

በአንዳንድ አካባቢ የቡችላን ጆሮ መቁረጥ ኃይለኛ ያደርገዋል ይባላል። ጆሮ ከቁጣ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ቁስሉ ይመረቅዛል፣ ዝንብ ይሰፍርበታል፤ ቡችላውም ከሰው እጅ የሚያስታውሰው የመጀመሪያ ነገር ሕመም ይሆናል። ይህ ልማድ ቢቀር የሚጎድልብን ምንም ነገር የለም።

ጅራት የሚቆላ ውሻ ሁሉ ወዳጅ ነው የሚለውም ከዚሁ ጋር ይታረም። ጅራት መቁላት የስሜት መነሣሣት ምልክት ነው፤ ደስታም ሊሆን ይችላል፣ ቁጣም። ሰውነቱ ከላላና ጅራቱ ሰፋ አድርጎ ከተወዛወዘ ወዳጅነት ነው፤ ሰውነቱ ደርቆ፣ ጅራቱ ወደ ላይ ቆሞ በአጭሩ ከተንቀጠቀጠና ዓይኑ ከፈጠጠ መራቅ ይሻላል።

«የሐበሻ ውሻ ዋጋ የለውም፤ የፈረንጅ ይሻላል»

በየመንደሩ የምናየው ቀላ ያለ ፀጉረ አጭር ውሻ ከውጭ ከመጡ ዝርያዎች የተዳቀለና የወረደ ዘር ይመስለናል። በአፍሪካ የመንደር ውሾች ላይ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ የዘረመል ጥናት እንዳሳየው ግን፣ በተለይ በግብፅና በኡጋንዳ የተመረመሩት ውሾች በአብዛኛው ከአውሮፓ ዝርያዎች ቅይጥ ሳይሆኑ የራሳቸው ጥንታዊ የዘር ግንድ ያላቸው ናቸው። በአንጻሩ በአዲስ አበባ በውድ ዋጋ የሚሸጠው የጀርመን እረኛ ውሻ እንደ ዝርያ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው፤ በዳሌ መገጣጠሚያ ችግርም ይታወቃል። ዝርያው መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ አስተዋይና ታታሪ ውሻ ነው። ወፍራም ፀጉር ያለውን የበረዶ አገር ውሻ ገዝቶ ድሬዳዋ ላይ ማሳደግ ግን ለእንስሳው ጭካኔ ነው። የሐበሻው ውሻ ለአገሩ ፀሐይና ለጥቂት ምግብ የተስማማ፣ በትዕግሥት ከተያዘም እንደ ማንኛውም ውሻ የሚማር እንስሳ ነው።

«ውሻ ያገኘውን ቢበላ ምን ይሆናል?»

ከገበታ የተረፈ ወጥ ለውሻ መስጠት ደግነት ይመስላል። ወጣችን ግን በቁሌት ይጀምራል፤ ቁሌቱ ደግሞ በብዙ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርቱም ተጨምሮበት ነው። ሽንኩርት በጥሬውም ተበስሎም የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሴሎች ይሰባብራል። አንድ ጉርሻ ወዲያው አይገድልም፤ በየቀኑ የወጥ ትርፍራፊ የሚበላ ውሻ ግን ድዱ እየነጣ፣ አቅሙ እየደከመ ሲሄድ «ምን ነክቶት ይሆን» እንላለን። ለድመት ደግሞ የባሰ ነው፤ ለሽንኩርት ከውሻም ይልቅ ትጎዳለች። ቅመም ያልገባበት ሥጋ፣ ጨጓራ፣ የተቀቀለ ሩዝ ወይም ባዶ እንጀራ ከሥጋ ጋር ይሻላል። የበዓል ዶሮ አጥንትም በተለይ ይጠበቅ፤ የበሰለ አጥንት እንደ መርፌ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ቸኮሌትና ዘቢብም ለውሻ መርዝ ናቸው።

ትኩሳት አለባት ብሎ ለድመት ፓራሲታሞል መስጠት ደግሞ ፈጽሞ አይደረግም። የድመት ጉበት መድኃኒቱን ማስወገድ ስለማይችል አንዲት እንክብል ትገድላታለች።

«ድመት ካልተራበች አይጥ አትይዝም»፤ «ድመት ወተት ይበቃታል»

ድመት የምታድነው በርኃብ ብቻ አይደለም። የማደን ፍላጎቷና የመብላት ፍላጎቷ የተለያዩ ናቸው፤ ጠግባ ሳለ አይጥ አይታ የምትዘለውም ለዚህ ነው፤ «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» መባሉ ያለ ነገር አልመጣም። የተራበች ድመት ግን ትደክማለች፣ ትታመማለች፣ ከጎረቤት ማጀት ትሰርቃለች፣ በመጨረሻም ቤቱን ትታ ትሄዳለች። አይጥ እንድትይዝ የምትፈለግ ድመት በደንብ ትመገብ። ቤት ውስጥ የአይጥ መርዝ ካለ ግን የተመረዘውን አይጥ በልታ ልትሞት ስለምትችል ሁለቱን አብሮ ማድረግ አይቻልም።

ወተቱን በተመለከተ፣ አብዛኞቹ ያደጉ ድመቶች የወተትን ስኳር የሚፈጭ ንጥረ ነገር በሆዳቸው ስለማይቀር የላም ወተት ያስቀምጣቸዋል። ድመት ሥጋ በል ናት፤ ለዓይኗና ለልቧ የሚያስፈልጋት ታውሪን የተባለው ንጥረ ነገር የሚገኘው በሥጋና በዓሣ ነው። በወተትና በእንጀራ ብቻ የምትኖር ድመት ቀስ በቀስ ዓይኗ ሊጠፋ ይችላል። የምትጠጣው ንጹሕ ውሃ ይሁን።

«ድመት ሰውን አትወድም፤ የምትወደው ቤቱን ነው»

ድመት እንደ ውሻ አትዘልም፣ አትከተልም፣ ስትጠራም ሁልጊዜ አትመጣም፤ ከዚህ ተነሥተን ውለታ ቢስ እንላታለን። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት ድመቶች ስማቸውን ከሌሎች ተመሳሳይ ቃላት እንደሚለዩ አሳይተዋል፤ ሰምታ አለመምጣቷ አለመስማቷን አያሳይም። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከግልገል ድመቶች ውስጥ 64 በመቶ ያህሉ ተንከባካቢያቸው ለጥቂት ደቂቃ ተለይቷቸው ሲመለስ ተረጋግተው ወደ ጨዋታቸው መመለሳቸውን፣ ይህም ከሰው ጋር ያላቸውን የመተማመን ትስስር እንደሚያሳይ ገልጿል። ድመት ፍቅሯን የምትገልጸው ዓይኗን ቀስ አድርጋ በመጨፈን፣ ግንባሯን በመታከክ፣ ጅራቷን ቀጥ አድርጋ በመቅረብ ነው። ይህን የሚያስተውል ሰው ውለታ ቢስ አይላትም።

«የድመት ፀጉር አስም ያመጣል»

ይህ እምነት በአገራችን እጅግ የጸና ስለሆነ ብዙ እናቶች ድመት ቤት አያስገቡም። እውነቱ በመሐል ነው። ፀጉሩ ራሱ መርዝ አይደለም። በድመት ምራቅና የቆዳ ዕጢዎች ውስጥ ያለ ፕሮቲን ግን በአለርጂ ለተጋለጠ ሰው ማስነጠስ፣ የዓይን ማሳከክና የአስም መነሣት ያስከትላል፤ ድመቷ ራሷን ስትልስ ፕሮቲኑ ፀጉሯ ላይ ይቀራል፣ ሲደርቅም በአየር ይበተናል። አለርጂ የሌለበትን ሰው ግን ድመት አስመኛ አታደርገውም። አስም ያለበት ልጅ ቤት ውስጥ ካለ የሚሻለው በግምት ድመቷን ከማባረር በፊት ሐኪም ጠይቆ ቀስቃሹን መለየት ነው፤ አቧራ፣ የከሰል ጭስና የእጣን ጭስ ብዙ ጊዜ ከድመቷ ይልቅ ጥፋተኞች ናቸው። ድመቷ መሆኗ ከተረጋገጠ ቢያንስ ከመኝታ ክፍል መውጣት አለባት።

«ነፍሰ ጡር ሴት ድመት ካለበት ቤት መኖር የለባትም»

ፍርሃቱ ከቶክሶፕላዝማ ጥገኛ ተሕዋስ የመጣ ነው፤ ተሕዋሱ በእርግዝና ጊዜ አዲስ ከያዘ ፅንሱን ሊጎዳ ስለሚችል መጠንቀቁ ትክክል ነው። ድመቷን መደባበስ ግን ዋናው መንገድ አይደለም። ተሕዋሱ የሚወጣው በዓይነ ምድሯ ሲሆን፣ ሰውን መያዝ የሚችልበት ደረጃ ላይ ለመድረስ ከ1 እስከ 5 ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ ዓይነ ምድሯ በየቀኑ በሌላ ሰው ከተጠረገ አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል። ለእኛ ይልቅ የሚያሳስበው ሌላ ነው፦ ጥሬ ሥጋ፣ ለብ ለብ የተደረገ ክትፎ፣ በደንብ ያልታጠበ ሰላጣና ጎመን፣ በባዶ እጅ የተነካ የጓሮ አፈር። ድመቷን ከቤት አስወጥቶ ነፍሰ ጡሯን ጥሬ ሥጋ የሚጋብዝ ቤተሰብ ትንሹን አደጋ አባርሮ ትልቁን ገበታ ላይ አስቀምጧል።

ባጭሩ የሚታረሙ

ውሻ ዓለምን በጥቁርና ነጭ ብቻ አያይም፤ ሰማያዊና ቢጫን ይለያል፣ ቀይና አረንጓዴ ግን ይደባለቁበታል። የውሻ አፍንጫ መድረቅ የበሽታ ምልክት አይደለም፤ ከእንቅልፍ ሲነሣ ደረቅ ሊሆን ይችላል። ሲዳሰስ የሚሞቀውም ጤነኛ ሙቀቱ ከሰው ስለሚበልጥ፣ 38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ስለሆነ ነው። ሴት ውሻ ለጤናዋ አንድ ጊዜ መውለድ አለባት የሚለውም መሠረት የለውም፤ ሳትወልድ የተመከነች ውሻ ከማኅፀን መግልና በእጅጉም ከጡት ዕጢ ትድናለች። የተኮላሸ ወንድ ውሻ ግቢ መጠበቁን አይተውም፤ ለሴት ብሎ አጥር መዝለሉንና በጎዳና መጣላቱን ግን ይቀንሳል።

«የክትባት ካርድ ካለው ውሻውን ይዞ መሄድ ይቻላል»

ወደ ውጭ የሚሄዱ ወይም እዚህ ያሳደጉትን ውሻ ወደ አሜሪካና አውሮፓ ለመውሰድ የሚፈልጉ ወገኖች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በዚህ ነው፤ አንዳንዱም ትኬት ከቆረጠ በኋላ ነው የሚሰማው። ኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ በስፋት ካለባቸው አገሮች የምትቆጠር ስለሆነች ካርዱ ብቻውን አይበቃም። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገር ለመግባት ውሻው መጀመሪያ ከቆዳው ሥር መለያ ቺፕ ይደረግለታል፤ ከዚያ ይከተባል፤ ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን በኋላ ደሙ ተወስዶ በታወቀ ላቦራቶሪ ይመረመራል፤ ውጤቱ ጥሩ ከሆነም ደም ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ 3 ወር መጠበቅ ግዴታ ነው። ቺፑ ከክትባቱ በኋላ ከተደረገ ክትባቱ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። አሜሪካ ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባወጣችው ደንብ ውሻው ቢያንስ 6 ወር የሞላው፣ ቺፕ ያለው መሆን አለበት፤ እንደ ኢትዮጵያ ካለ አገር ለሚመጣና በዚያው ለተከተበ ውሻም የተረጋገጠ የክትባት ሰነድና በተፈቀደ የእንስሳት ማቆያ አስቀድሞ የተያዘ ቦታ ትጠይቃለች፤ የደም ምርመራ ውጤት የሌለው ውሻም 28 ቀን በማቆያው ይቆያል። ሁሉም ሲደመር ዝግጅቱ ከ5 እስከ 6 ወር ይፈጃል። ስለዚህ ለመሄድ ያሰበ ሰው የራሱን ፓስፖርት ሲያወጣ በዚያው ሳምንት ውሻውን ለቺፕና ለክትባት የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ይውሰደው፤ ደንቦቹም ስለሚለዋወጡ ከመነሣቱ በፊት የሚሄድበትን አገር ኤምባሲና አየር መንገዱን ደግሞ ይጠይቅ።